ልጅቷን ለብቻዋ ያበሏት ጊዜ

የልጅ ልጄን፣ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከሰፈራችን ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ከጓደኞቿ ነጥለው ሁለት ወር ያህል ለብቻ አስቀምጠው ምሳ አብልተዋታል። በደሉ ይህ ነው። ሲወራ ትንሽ ነገር ይመስላል። "አልተመታች፣ አልተሰደበች፣ ምሳዋን አልተቀማች፣ ታዲያ ምን ሆነች?" ያሉኝ ሰዎች አሉ፣ የገዛ ዘመዶቼም ጭምር። ምን እንደሆነች የሚገባው በሽታዋን ያወቀ ሰው ብቻ ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ያየሁትን ግን አልረሳም።

ዘመኑ የዘጠናዎቹ መግቢያ ነው። ካዛንቺስ ያኔ እንዲህ በፎቅ አልተሞላችም ነበር። ከዋናው መንገድ ገባ ሲባል የቀበሌ ቤቶች ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ለስድስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። እኔ፣ ልጄና የልጅ ልጄ በአንድ ክፍል እንኖር ነበር። ልጄ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ስለነበረች ገና ሳይነጋ ትወጣለች፤ ልጅቷን የማሰናዳው እኔ ነኝ። የልጅቷ አባት ሹፌር ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላት ወደ አዋሽ ሲወርድ መኪናው ተገልብጦ ሞተ።

አንደኛ ክፍል ከገባች ሦስት ወር ሳይሞላ ውሃ ማብዛት ጀመረች። ስትነሳ ውሃ፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወርድ ውሃ። ቧንቧው ላይ ተደፍታ ስትጠጣ የግቢው ሰዎች "ይቺ ልጅ ሆዷ ውስጥ ሮቶ ተክላለች እንዴ?" እያሉ ይስቁ ነበር። በሦስት ዓመቷ የተወችውን አልጋ ማርጠብም እንደገና ጀመረች። እኔ ተቆጣሁ። "ትልቅ ልጅ አይደለሽም? አታፍሪም?" አልኳት። ይህም ይጻፍ፤ የሌላውን እየቆጠርኩ የራሴን አልዘልም።

ፍራሹን ፀሐይ ላይ ሳወጣው ጉንዳን ይወረው ነበር። ጉንዳን ፍራሽ ላይ ምን እንደሚፈልግ አልጠየቅሁም፤ አራግፌ ጣልኩት። ሰውነቷ እየቀለለ ሄደ። የዩኒፎርሟን ቀሚስ ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ መያዝ ጀመርኩ። ትበላለች፣ እንደ ትልቅ ሰው ነው የምትበላው፣ ግን የት እንደሚገባ አይታወቅም። "ወስፋት ነው" አልን ሁላችንም። የወስፋት ኪኒን ሰጠኋት። ለውጥ ሲጠፋ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ታይፎይድ ሳይሆን አይቀርም ብለው ሌላ መድኃኒት ሰጡን። ሽንቷን የመረመረ የለም። እኔም ጉንዳኑን አልተናገርኩም። ሐኪም ፊት ስለ ልጅ ሽንት ማውራት ነውር መስሎኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አልነሳ አለች። አስመለሳት። ተኝታ ሳለች እንደ ሮጠ ሰው ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ጠጋ ብዬ ስስማት አፏ ሸተተኝ፤ የበሰበሰ ሙዝ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ። አቅፌያት ዋናው መንገድ ድረስ ሮጥኩ። ታክሲው ውስጥ ስጠራት ዓይኗን ገልጣ እኔን አታየኝም።

ሆስፒታል እንደደረስን አንዲት ወጣት ሐኪም ገና በሩ ላይ ትንፋሿን አሸተተች። ጣቷን ወጋ አድርጋ ጠብታ ደም በቀጭን ወረቀት ላይ አሳረፈች።

"እማማ፣ ውሃ ታበዛለች?"

"መጥፎ አድርጋ።"

"አልጋስ ታረጥባለች?"

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"ይንገሩኝ እንጂ፣ እኔ እኮ ሐኪም ነኝ።"

"ታረጥባለች። ጉንዳንም ይመጣል።"

"ስኳር ነው" አለች።

ከት ብዬ ሳቅኩ። የልጅ ልጄ አጠገብ ሞት ቆሞ እኔ ሳቅኩ። "ስኳር የሀብታም ሽማግሌ በሽታ ነው! ይቺ ከረሜላ እንኳን የምታየው በበዓል ነው!" አልኳት። ሐኪሟ አልተቀየመችኝም። የጨው ውሃና ኢንሱሊን እያሰቀለች፣ እጇ ሥራውን ሳያቆም፣ በልጅ ላይ የሚመጣው ስኳር ከጣፋጭ ብዛት እንደማይመጣ ነገረችኝ። ሰውነቷ ኢንሱሊን የሚባለውን ነገር መሥራት አቁሟል። ያ ከሌለ የበላችው ሁሉ ሥጋና ጉልበት ሳይሆን በሽንት ይወጣል፤ ጉንዳኑ የመጣው ለዚያ ነው። ኪኒን አይሠራላትም። ጠዋትና ማታ በመርፌ መውሰድ አለባት።

"እስከ መቼ?"

"ዕድሜዋን ሙሉ።"

"አንድ ቀን ቢዘለልስ?"

"አይዘለልም እማማ። አንድም ቀን።"

ስምንት ቀን ተኛን። በስምንቱ ቀን ውስጥ አንድ ነርስ ብርቱካን እየወጋሁ መርፌ እንድለማመድ አደረገኝ። መርፌውን እስከ ሥሩ እሰካዋለሁ። "ብርቱካኑን ገደሉት እማማ፤ እንደገና" ይለኛል። በኋላ ልጅቷን እየሳቀች ወጋኋት፤ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆና ራሷ ትወጋለች፣ እኔ አጠገቧ ብሆን ፊቴን አዞራለሁ።

ነርሱ ደጋግሞ የነገረኝ አንድ ነገር አለ። የጠዋቱ መርፌ አንዴ ከገባ አይመለስም። ቀስ እያለ ይሠራል፣ እኩለ ቀን ላይ ጉልበቱ ይበረታል። ያን ጊዜ ሆዷ ውስጥ ምግብ ካላገኘ ያለችውን ጥቂት ስኳር ይጨርስባታል። ያልባታል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ያለ ምክንያት ትነጫነጫለች፣ ከዚያ ራሷን ትስታለች። "ምሳዋ የመድኃኒቷ ግማሽ ነው" አለኝ። "ሰዓቱ አይለፍ፣ መጠኑም በየቀኑ እኩል ይሁን።"

ቤት ስንመለስ ሁለት ነገር ቸገረኝ። አንደኛው መድኃኒቱን ማቀዝቀዣ ነው። በግቢያችን ፍሪጅ ያለው ሰው አልነበረም። ከቤታችን ጀርባ ግን አንዲት ሴት ትንሽ ቡና ቤት ነበራት፤ የሰፈሩ እመቤቶች ሰላም የማይሏት ዓይነት ሴት። እኔም አልላትም ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሄጄ ለመንኳት። ምንም ሳትጠይቀኝ ከቢራው ፍሪጅ አንዱን መደርደሪያ አስለቀቀችልኝ። ከዚያ በኋላ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ልወስድ ስገባ ለጠጪዎቹ "መንገድ ልቀቁ! እትዬ ቢራቸውን ሊወስዱ መጡ!" ትላለች።

ሁለተኛው ችግር ትሪው ነው። እኛ ቤት የሚበላው ሦስታችንም በአንድ ትሪ ነው፤ ጎረቤት ቢመጣ አራተኛ ሆኖ ይቀርባል። ልጅ መሐል ተቀምጣ ከዚህም ከዚያም ስትጎርስ ምን ያህል እንደበላች እንዴት ይታወቃል? ስለዚህ ለልጅቷ የራሷን ሳህን አወጣሁላት። እንጀራውን ለክቼ፣ ወጡን በጭልፋ ቆጥሬ፣ ትንሿ በርጩማ ላይ አስቀምጬ። ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ልጅቷ አንድ ቀን "ከእናንተ ጋር መቼ ነው የምበላው?" አለችኝ። "ስትድኚ" አልኳት። እንደማትድን እያወቅሁ።

በዚያ ዘመን የአንድ የቤት ሰው ሳህን ተለየ ማለት ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር። ስሙን የሚጠራው የለም፤ "ያ በሽታ" ይባላል። ስንቱ ወጣት በእሱ እየሄደ ነበር። ጎረቤቶቼ ደግሞ መደመር ያውቁበታል። ልጅቷ ከስታለች። አባቷ ሞቷል። ቆሻሻችን ውስጥ መርፌ ታይቷል። ሳህኗ ተለይቷል። ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም፤ ሰላምታ ላይ ግን "እግዜር ያጽናሽ" ማለት ጀመሩ፤ እኔም ለስኳሩ መስሎኝ "አሜን" እላለሁ።

ልጅቷ ትምህርት ቤት ከተመለሰች ሳምንት እንኳን ሳይሞላት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ላይ ስጠብቃት እየተንገዳገደች ወጣች። ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። ቦርሳዋን ልቀበላት ስል "ተይኝ!" ብላ ገፈተረችኝ። ነርሱ ያለኝ ነጭናጫነት ትዝ አለኝ። ነርሱ እንደመከረኝ በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩትን ስኳር ፈትቼ አፏ ውስጥ አደረግኩ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ውሃ ይዞ ሮጠ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ቀለሟ እስኪመለስ ጠበቅሁ። ከዚያ ምሳ ዕቃዋን ከፈትኩ። ጠዋት እንደቋጠርኩት ነው፤ አልተነካም።

"ለምን አልበላሽም?"

"አይወርድልኝም።"

"ለምን አይወርድም? ጨው በዝቶበት ነው?"

"መስኮቱ ጋ ነዋ የምቀመጠው። ብቻዬን። ቲቸር 'አንቺ ከእንግዲህ እዚህ' አለችኝ። ሁሉም ያዩኛል።" ምሳ ዕቃውን መልሳ ከደነችና "የውሃ ኩባያዬ ላይም ቀይ ክር አስረውበታል" አለች።

በዚያ ክፍል ልጆቹ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር አጋጥመው፣ ምሳ ዕቃቸውን መሐል ከፍተው፣ የአንዱን ሽሮ ካንዱ ድንች እየቀላቀሉና እየተጎራረሱ ነው የሚበሉት። ይህን ሁሉ እየሰማች፣ እሷ መስኮቱ ሥር ግድግዳ ፊት ለፊት። የሰባት ዓመት ልጅ እንዲያ ተቀምጣ ምን ይወርድላታል? ምሳዋ ደግሞ የመድኃኒቷ ግማሽ ነው። እንግዲህ ለምን በደል እንዳልኩት ይኸው።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። ትሁት ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

"ልጅቷን ለብቻዋ እንድትበላ ያዘዘው ማነው?" አልኩት።

"እማማ፣ ይረጋጉ..."

"ተረጋግቻለሁ። ማን አዘዘ?"

"ማለቴ፣ የወላጆች ስጋት አለ። ከላይም እንዲህ ያለ ነገር ሲኖር ጥንቃቄ አድርጉ ይባላል።"

"ከላይ ማን? ፎቁ ላይ ያለው መጋዘን ብቻ ነው።"

ፈገግ ሊል ፈልጎ ተወው። "እርስዎስ?" አለኝ ቀስ ብሎ። "ቤት ውስጥ ሳህኗን ለይተው ነው የሚያበሏት ይባላል። አያቷ ራሳቸው ያልቀረቧትን ልጅ ሌሎች ልጆች ይቅረቧት ብዬ እንዴት ልናገር?"

ከወንበሩ ጋር የተሰፋሁ መሰለኝ። ስለ ስኳሩ፣ ስለ ልኩ፣ ስለ ነርሱ ነገርኩት። ሰማኝ። በመጨረሻ "እንግዲያው ቀላል ነው" አለ። "ከዚያ በሽታ ነፃ ናት የሚል ወረቀት ከሆስፒታል ያምጡልኝ። በማግስቱ ቦታዋ እመልሳታለሁ፤ ወላጆቹም አፋቸውን ይይዛሉ።"

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የዚያኑ ቀን ማታ ራት ላይ ሳህኗን አነሳሁ። አንድ ትሪ ዘረጋሁ፤ የልጅቷን እንጀራ ለክቼ ቆርጬ በእሷ በኩል አደረግኩ፣ ወጧን እላዩ ላይ። "ይህ ያንቺ አገር ነው፤ ድንበር ማለፍ የለም፣ ለእኛም ለአንቺም" አልኳት። በእጄ አላጎርሳትም፣ እሷ ግን ከድርሻዋ እኔን ታጎርሰኛለች፤ ከዚያ ያጎረሰችኝን ያህል ቆርጬ እተካላታለሁ። ያን ያህል ቀላል ነበር። ሳህን የለየሁት ሰንፌ ነው፤ ትንሽ አስቤ ቢሆን ኖሮ ለሰፈሩ ወሬ ባልሰጠሁት።

በማግስቱ ወደ ሆስፒታል ከመሄዴ በፊት ብልቃጥ ልወስድ ቡና ቤቱ ገባሁ። ገና ጠዋት ስለነበር ሴትየዋ ብቻዋን ወለል ትወለውላለች። ኩራቴን ነገርኳት። "ዛሬ ወረቀት አመጣለሁ። የእኔ ልጅ ያ በሽታ እንደሌለባት አንገታቸውን ሰብረው ያነቡታል!"

መወልወያውን አቆመች። "ቢኖርባትስ እትዬ?" አለችኝ።

"ምን?"

"ያ በሽታ ቢኖርባትስ? ብቻዋን ትብላ?"

 መልሴን ሳትጠብቅ ፍሪጁን ከፍታ ብልቃጤን ሰጠችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሷም ልጅ አላት፤ ያቺ ልጅ ያኔ እዚያው ትምህርት ቤት መዋዕለ ሕፃናት ነበረች። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም፤ ዛሬም አልጠይቃትም።

ሆስፒታል ደረስኩ። ያቺው ወጣት ሐኪም "ምርመራው እኮ አንድ ጊዜ ደም መስጠት ነው፤ ልጅቷን ያምጧትና ውጤቱን በዕለቱ ይወስዳሉ" አለችኝ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ብዙ አሰብኩ። ወረቀቱን ባመጣ የእኔ ልጅ ትመለሳለች። ግን ወረቀቱ የሚለው "ይቺን መለየት ስህተት ነበር፤ ሌላዋን መለየት ግን ልክ ነው" ነው። ነገ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው የማን ልጅ ናት? "ምርመራው ይቅር" አልኳት። "ይልቅ ምሳዋን በሰዓቱ ካልበላች ምን እንደምትሆን ጻፊልኝ። የትኛውም ዓይነት በሽታ ያለበት ልጅ ቢሆን በምሳ ሰዓት ከጓደኞቹ አይለይም ብለሽ ጨምሪበት።" ትክ ብላ አየችኝና ጻፈች። ያ በሽታ አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍም በራሷ ፈቃድ አከለችበት።

ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን አነበበው። "እማማ፣ ይህ እኔ የጠየቅሁት ወረቀት አይደለም።"

"አዎ፣ አይደለም።"

"ያኛው ከሌለ ወላጆቹን ምን እላቸዋለሁ?"

"ማን እንዳዘዘህ ንገረኝና እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ልጄ፣ የልጅቷ እናት፣ ስትሰማ አበደችብኝ። "እማዬ፣ አንቺ ከዓለም ጋር ስትከራከሪ የእኔ ልጅ ልትወድቅ ነው እንዴ? ወረቀቱን ስጫቸውና ይተዉን! በቃ!" እውነቷን ነበር። ክርክሩን የፈለግሁት እኔ፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው እሷ። ልጅቷን አስፈቅጄ አልጀመርኩትም። ይህ ሐሳብ እስከ ዛሬ አንዳንዴ ይመጣብኛል፤ ልክ ነበርኩ ወይስ እልኸኛ ነበርኩ ብዬ ስጠይቅ ሁለቱንም ሆኜ እገኛለሁ። ለልጄ ግን አንድ ቃል ገባሁላት፤ ልጅቷ ከነገ ጀምሮ ብቻዋን አትበላም አልኳት።

ስለዚህ ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤት መሄድ ጀመርኩ። ዘበኛው መጀመሪያ አላስገባም ብሎኝ ነበር፤ ያን ቀን ውሃ ይዞ የሮጠው እሱ ስለሆነ ብዙም አልጠነከረብኝም። "እማማ፣ አንደኛ ክፍልን ሊደግሙ ነው?" ይለኛል። መስኮቱ ሥር ትንሿ ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ እቀመጣለሁ፤ ከአንድ ምሳ ዕቃ፣ በድንበራችን፣ እንበላለን። ቀይ ክር ባለበት ኩባያ እኔም እጠጣለሁ። መምህሯ ፊቷን ወደ ሰሌዳው ታዞራለች። ወጣት ናት፤ ታሳዝነኝም ነበር። ልጆቹ መጀመሪያ ቀን ከየወንበራቸው አዩን። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ምሳ ዕቃዋን ይዛ መጣችና "እማማ፣ እናንተ ጋ ድንች አለ?" አለችኝ። "አለ፣ ግን የእሷ በልክ ነው፤ የምትወስጂው ከእኔ በኩል ነው" አልኳት። ተቀመጠች። ሌላ ቀን ሁለት መጡ። ከመካከላቸው አንዷ "ድንበር! ድንበር!" እያለች የሌሎቹን እጅ ትጠብቅ ነበር። ልጅቷ ምሳዋን ጨርሳ መብላት ጀመረች፤ ከሰዓት በኋላ ሸሚዟ ደረቅ ሆኖ መውጣት ጀመረች።

በየቀኑ ከመውጣቴ በፊት ቢሮው በር ላይ ቆሜ ያንኑ እጠይቃለሁ። "ማን አዘዘ?" እሱም በየቀኑ አንድ ነገር ይመልሳል፤ ወላጆች፣ አሠራር፣ የበላይ አካል፣ ስብሰባ አለብኝ። አንድ ቀን ጸሐፊዋ ገና ስታየኝ "ዛሬም የሉም" አለችኝ፤ እሱ ግን ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

ሁለት ወር ሊሞላ ሲል፣ ምሳ ላይ ሳለን ራሱ ወደ ክፍሉ መጣ። ከስድስት ልጆች ጋር መስኮቱ ሥር ተጠጋግተን እንበላለን፤ መቀመጫ ጠቦናል። ቆሞ አየን። ወደ ኮሪደሩ እንድወጣ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"ማንም አላዘዘኝም" አለ። "ከላይ የመጣ ወረቀት የለም። ሦስት ወላጆች መጥተው ልጆቻችንን እናስወጣለን አሉኝ፣ ፈራሁ። መምህሯን ያዘዝኳት እኔ ነኝ። ከነገ ጀምሮ ከጓደኞቿ ጋር ትበላለች፤ ምርመራም አልጠይቅዎትም። እኔ እዚህ እስካለሁ ድረስ ሌላም ልጅ አልለይም።"